ዓሣ ዓሣ የሚል ዳቦ

— ሄሎ... አቤት ወንድም ጋሼ! እንደምን አደርክ? ... እኔ ደህና ነኝ። ... ኧረ ቀስ፣ ቀስ በል፤ አንዱም አልተሰማኝ። ... ምን? ... ዳቦው ምን ምን ይላል? ... ዓሣ?!

(ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና በክፍሉ ያሉትን ሦስቱን አየቻቸው። ወፍጮ ቤት ያላቸው ሽማግሌና አትክልት አቅራቢዋ ወይዘሮ ጣራ ጣራ ያያሉ። ባለ ዓሣው ብቻ ጫማውን ያያል።)

— አለሁ፣ እየሰማሁህ ነው። ... አይ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ማኅበሩ በሙሉ እኮ እዚህ ነው። ጋሽ ወፍጮ አሉ፣ እትዬ ሽንኩርት አሉ፣ ባለ ዓሣውም አለ። የቀረኸው ዳቦ ጋጋሪው አንተ ነህ። ... ረሳኸው እንዴ? የትምህርት ቤቶቹን ምሳ የሚያሠሩት እመቤት ረፋድ ላይ ይመጣሉ። «ዳቦውም፣ ወተቱም፣ ዓሣውም፣ አትክልቱም አንድ ላይ ከመጣልኝ ከእናንተ እወስዳለሁ፤ አንዱ ከጎደለ ሁሉም ይቅርብኝ» ብለዋል። ልጆቹ ለዓመታት የበሉት የቆርቆሮ ምግብ ሰልችቷቸዋል። ... እኮ! እና ዳቦህ ዓሣ ይሸታል ትለኛለህ!

— ምን አልክ? ... ትወጣለህ? ከማኅበሩ? ዛሬ? ... ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ የወተት መኪናዬን ሸጬ ነው የገባሁት! «ሁላችንም ግማሽ ባዶ መኪና በአንድ መንገድ ከምንነዳ አንዲት መኪና ይበቃናል» ብሎ የገፋፋኝ ማነው? አንተ ከወጣህ ዳቦ የለም። ዳቦ ከሌለ ምሳው የለም። ምሳው ከሌለ መኪናዋ ለማን ትሄዳለች? ወተቱን በጀርባዬ ላዝለው? ... «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለህ ንግግር ስታደርግ እትዬ ሽንኩርትን አስለቅሰሃል እኮ። አሁን አንድ ዓሣ ሊበትነን ነው?

— እሺ። ቁጣውን ለጊዜው አቆየውና የምጠይቅህን መልስልኝ። የሚሸተው ሁሉም ዳቦ ነው ወይስ ከፊሉ? ... «ዳቦ ዳቦ ነው» መልስ አይሆንም። ከታች ያለውን ነው ያሸተትከው? ... ከላይ ያለውስ? ... አላሸተትክም። ሂድና አሽትት። ... እጠብቃለሁ።

(ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች።)

— ጋሽ ወፍጮ፣ አይቆጡ። ዱቄትዎን ማንም አልነካም። ... ሄሎ? ... ከላይ ያለው ደህና ነው። ሳጥኑን የነካው ብቻ ነው የሚሸተው። ... ጥሩ፤ እንግዲያው ዱቄቱ አይደለም። ጋሽ ወፍጮ፣ ነፃ ነዎት! ... መኪናዋም አይደለችም፤ ዳቦህ ገና መቼ ተጫነና? ስለዚህ ሳጥኑ ነው። ቀለሙ ምንድነው? ... ቢጫ። ልክ ነው፤ ዳቦ በቢጫ፣ ዓሣ በሰማያዊ፣ አትክልት በአረንጓዴ፣ የኔ ወተት በነጭ። ማታ ማታ ሁሉም ሳጥን ወደ ጋራው እጥበት ይገባል፣ ጠዋት በየቀለሙ ይታደላል። ... አውቃለሁ እንደምታውቅ! ጮክ ብዬ እያሰብኩ ነው። ሰማያዊው በፈላ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ቢጫው ፍርፋሪ ብቻ ስለሚኖርበት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ይደረጋል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ታዲያ ቢጫ ሳጥን ዓሣን የት አገኘው?

— አንድ ጊዜ ቆይ። ... አንተ ባለ ዓሣው! ቀና በል እስቲ። ትናንት ዓሣህን በምን ሳጥን ላክህ? ... በምን? ... ሄሎ፣ ወንድም ጋሼ፣ በቢጫ ነው የላከው! ... «ቢጫ መጣልኝ፣ ዓሣዬን ወርቅ አስመሰለልኝ፣ ዝም አልኩ» ይላል። ... አትሳደብ፣ ድምፅህ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። ... ቢሰማ ግድ የለኝም አትበል፤ ደም ሥሩ ተገትሯል።

— ቆይ ግን። እሱ የአንተን ቢጫ ከያዘ የሱን ሰማያዊ ማን ያዘው? ... ወንድም ጋሼ? ... ሄሎ? ... ትሰማኛለህ? ... ስለ ሊጥህ አልጠየቅኩህም!

— በል ንገረኝ። ... እ። ... እ። ... ትናንት ጠዋት እኛ ተቃቅፈን የማኅበሩን ፎቶ ስንነሳ። ... መጋዘን ገብተህ። ... አሃ! ለዚያ ነው «ሽንቴ መጣብኝ» ብለህ ከፎቶው የጠፋኸው! ... የዳቦውን ቢጫ ለዓሣው ክምር፣ የዓሣውን ሰማያዊ ለራስህ! ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሾፌሩ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በየቀለሙ አደለ። ዓሣ ያደረበት፣ በጨርቅ ብቻ የተጠረገ ቢጫ ላንተ መጣ። አንተ ጓሮ ሊጥ ስታቦካ ሠራተኞችህ ሞሉበት። ... እና ዓይንህን በጨው ታጥበህ ሰውየውን ትሰድበዋለህ?

— ለምን ግን? ቢጫ ምን አደረገህ? ... የማን ቀለም ነው? ... የማዶ?

(ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ማዶን ያውቀዋል። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ በቢጫ ታፔላ ሥር ዳቦ የሚጋግረው የወንድሟ የቀድሞ ጓደኛ ነው። ወንድምዬው ስሙን ከጠራው ስንት ዘመኑ።)

— የሰውዬው ታፔላ ቢጫ ስለሆነ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ! ... እትዬ ሽንኩርት? አዎ፣ ሰምተዋል። ሁሉም ሰምተዋል። ... ኧረ ይቅር ብለውሃል፤ ይኸው እንባቸውን እየጠረጉ ነው። ... አይ፣ የሳቅ ነው። ... ባለ ዓሣው? «ከእንግዲህ ቢጫውን ካልሰጣችሁኝ ሞቼ እገኛለሁ» ይላል። እንግዲያው ቢጫው ለዓሣ፣ ሰማያዊው ላንተ ይሁን፣ የእጥበቱንም ደንብ አገላብጬ እጽፈዋለሁ። አለቀ። ... አይ፣ ዳቦው አላለቀም። እሱን ለዶሮ አርቢው እንልካለን፣ ዶሮ አይመርጥም።

— አሁን ምን ሊጥ አለህ? ... የከሰዓቱ። ተነሥቷል? ... ጎሽ! እቶኑስ? ... ጠፋ? ... እስኪግል ስንት ይፈጃል? ... አይደርስም። እመቤቷ ቀድመውት ይመጣሉ። ... እዚያ አካባቢ የጋለ እቶን ያለው ሰው የለም? ... አስብ። ... ጠጋ ያለ ሰው። ... እንዲያውም ከመስኮትህ የሚታይ ሰው።

— አዎ። እሱን ማለቴ ነው።

— ጨርሰሃል? ... ይኸውልህ፣ አንድ ጌታ ጋ ተቀጥራችሁ፣ አንድ ሊጥ አቡክታችሁ ያደጋችሁ ሰዎች ናችሁ። ለመሆኑ የተጣላችሁት በምን ነበር? ... በእርሾ? እርሾ ያድራል ወይስ ትኩሱ ይሻላል ብላችሁ? ... እሺ፣ ያድራል፤ አንተ ልክ ነህ፤ አሁን ተነሥ። ... ስለ እኔ ብለህ ሂድ። እኔ ዛሬ ያቺን መኪና ካጣሁ ነገ ወተቴ ይደፋል። ... እናታችን ትሙት በል! ... ስልኩን እንዳትዘጋው። አብሬህ እሻገራለሁ።

— ከነሊጡ ወጣህ? ... ግራ ቀኝ እይ። ... የመኪና ጥሩምባ ነው? ላንተ ነው እንዴ? ዳር ያዝ! ... ደረስክ? ... ለምን ቆምክ? ... ሰልፍ አለ? ተሰለፋ! ... «እኔ የሱ ደንበኛ ነኝ እንዴ» ይለኛል። ሰልፉን ጥሰህ ብትገባ ደግሞ ሕዝቡ ይደበድብሃል።

(እትዬ ሽንኩርት ከመስኮቱ ጣታቸውን ቀሰሩ። የእመቤቷ መኪና በሩ ላይ ቆማለች።)

— እትዬ፣ ይውረዱና አትክልቱን ያሳዩልኝ። ጋሽ ወፍጮ፣ እርስዎም ስለ ስንዴው ያጫውቷቸው፣ እርስዎ ከጀመሩ ማንም ቶሎ አያመልጥዎትም። ... ባለ ዓሣው፣ አንተ እዚህ የቀሩትን ቢጫዎች በፈላ ውኃ! ... ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ኦ! እንደምን አደሩ ጋሼ! እኔ ነኝ፣ የወተቷ፣ የዳቦ ጋጋሪው እህት። ... ወንድሜ ነገረዎት? ... ምንም? ስልኩን ብቻ ዘረጋልዎት? ... አይ እሱ!

— ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሊጡ የእሱ፣ እቶኑ የእርስዎ፣ የሚበሉት ልጆች ናቸው። ዛሬ ከተሳካ ለነገ የእርስዎም ዳቦ ያስፈልገናል፤ ትምህርት ቤቱ ብዙ ነው፣ የወንድሜ እቶን ብቻውን አይችለውም። ... እሺ ይሉኛል? ... ተባረኩ! ... ግን ምን? ... «ከቤቴ የወጣ ዳቦ በሰማያዊ ሳጥን አይጫንም»?

(ግንባሯን ያዘች።)

— ገባኝ። በቢጫ ደግሞ እሱ እንቢ ይላል። ቢጫውም ቢሆን ዓሣ ዓሣ ይላል። ... ረጅም ታሪክ ነው፣ ራሱ ይንገርዎት። ... በቃ፣ የኔን ነጩን እልክላችኋለሁ። ወተቴ በጠርሙስ የታሸገ ነው፣ በምንም ሳጥን ቢሄድ ግድ የለውም። ነጭ ሁለታችሁንም አይነካም፣ አይደል? ... ሾፌር! ነጮቹን አራግፍና ወደ ዳቦ ቤቱ ንዳ! ወደ ማዶው! ... ጋሼ፣ እስቲ ለወንድሜ ያቀብሉልኝ። ... ጋሼ? ... ሄሎ?

(ስልኩ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከሩቅ ቆርቆሮ ሲንጋጋ፣ የእቶን በር ሲከፈት፣ ሁለት ወንዶች ሲጯጯሁ ይሰማታል።)

— ጉዴ ፈላ! ተያያዙ መሰለኝ። ... ባለ ዓሣው፣ ውኃውን ዝጋው፣ ልስማ። ... «ያድራል»... «አያድርም»... ኤዲያ! በእርሾው ነው። ካቆሙበት ነው የቀጠሉት።

— ሄሎ? ... ወንድም ጋሼ! ገባ? እቶን ገባ? ... እሰይ! እሰይ የኔ ወንድም! ... ምን ሆነሃል ታዲያ፣ ለምን ታንሾካሹካለህ? ... ያለ ሽርጥ እቶን አያስጠጋም? ልክ ነው፣ የንጽሕና ደንብ ነው። ... እና የራሱን አለበሰህ? ... ምን ዓይነት? ... ኧረ?

(መዳፏን አፏ ላይ ጫነች።)

— አልሳቅኩም። ... ማንም አልሳቀም! ... ባለ ዓሣው ነው፣ አስነጥሶት ነው። ... ቢጫ ያምርብሃል እኮ ወንድም ጋሼ፤ ዓሣውን እንኳ ወርቅ አስመስሎት... ሄሎ? ... ሄሎ? ... ዘጋብኝ።