አቶ አምባው ዝም ያሉ ዕለት

አቶ አምባው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ጅቡቲ ውስጥ የከፋው ሐበሻ ምክር ፍለጋ ወደ እሳቸው ይመጣል፤ ባይመጣም እሳቸው ይሄዱለታል። በ2009 ዓ.ም. አንድ አርብ ከሚኖሩበት ከባልባላ ሰፈር ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ የሟች ጓደኛቸው የይታገሱ ልጅ ሀና አጠገባቸው ተቀምጣ አገኟት። አዲስ አበባ ሥነ ልቦና ተምራ የተመለሰች ወጣት ናት።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ሀራሙስ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር። ቦንቱ የምትባል የአደራ ልጅ አለችኝ፤ ሰው ቤት ትሠራለች። እህል ትታ አፏን ዘግታለች፤ እመቤቲቱም ላሰናብታት ነው ብላለች። ደጋግሜ መከርኳት፣ ወይ ፍንክች!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናቷ ድሬዳዋ ሞታለች፤ እኔና የሰፈሩ ሰው ደብቀናታል። ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ስትገባ መርዶዋን ትረዳለች።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ባይመክሯትስ?»

«ታዲያ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?»

«ሊሰሟት! ካርል ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። እርሻ ላይ አድጎ ግብርና ጀመረ፤ የሃይማኖት ትምህርትም ሞከረ፤ በመጨረሻ የተቸገሩ ልጆችን ወደ መርዳት ዞረ። ልጇ ያስቸገራት አንዲት ሴት ነበረች። ጥፋቱ ያንቺ ነው ብሎ ቢያስረዳት ቢያስረዳት ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። አልሆነልንም ተባብለው ሊለያዩ ሲሉ፣ ትልልቅ ሰዎችንም ታያለህ ወይ ብላ ተመልሳ ተቀመጠችና የትዳሯን ጭንቀት ዘረገፈችው። እሱም አዳመጣት። እሷም ቀለላት፣ ልጁም ረጋ። ሰውን ሳይፈርዱ ከሰሙት መንገዱን ራሱ ያገኛል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ አስተማረ።»

«ለፈረንጅ ይሆናል። እኔ ዝም ካልኩ ምኑን ሽማግሌ ሆንኩ?»

«ሐኪም እንኳ የት ያምሻል ይላል። እርስዎ ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

አቶ አምባው በሙግት የሚረቱ ሰው አይደሉም፤ ይህቺ ጥያቄ ግን ከነከነቻቸው።

«ስለ እናቷ ብታነሳስ?»

«እውነቱን ይንገሯት። አፍዎ ሌላ፣ ልብዎ ሌላ ከሆነ እንዴት ታምንዎታለች?»

ሀራሙስ ሲደርሱ ቦንቱ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። እሳቸው በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። «አይዞሽ» ሊሉ ሲሉ ዋጡት።

«ቦንቱዬ፣ ምንድን ነው የከበደሽ?»

ከዚያ ዝም አሉ። ምላሳቸው በላቸው፤ ቢሆንም ዝም አሉ። ልጅቷ የተለመደውን ምክር ስትጠብቅ ልብሱን አስጥታ ጨረሰች።

«እናቴ መሞቷን አውቃለሁ» አለች በመጨረሻ። «ጎረቤታችን በስልክ ነገረችኝ። እናንተ እየመጣችሁ ስትስቁልኝ እኔም ስስቅ ሰነበትኩ። ለቅሶዬን ከማን ጋር ልቀመጥ፣ ጋሼ?»

አቶ አምባው ተነስተው አጠገቧ ቆሙ። «ከእኔ ጋር፣ ልጄ። ይቅር በይኝ» አሉና አብረው አለቀሱ። እመቤቲቱ ነገሩን ስትሰማ አዘነች፤ ቦንቱ ሐዘኗን ጨርሳ እንድትመለስም ፈቀደች።

ባልባላ እሳቸው ቤት ድንኳን ተጣለ፤ ቦንቱም እህል ቀመሰች። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ መርዶ አይደበቅም፤ የከፋው ሰው ከመመከሩ በፊት ይጠየቃል። ሐዘኑን ያወጣ ሰው ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ወዳጁንም ያምናል።

ድንኳኑ ሲነሳ ሴቶቹ አቶ አምባውን ከበቧቸው። «ምን ብለው መክረው ነው ያናገሯት?»

አቶ አምባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ረጅም ነገር ሊጀምሩ መስለው ነበር። ወደ ቦንቱ ዞሩና፣ «እሷን ስሟት» አሉ።