የእትዬ ጥሩአየሁ መጋረጃና ባለ አምስት ጫፉ ኮከብ

ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው ያንገበግባል፤ ተምሮ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እዮብ የሞጣ ልጅ ነው፤ ዲግሪ አለው፣ የአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤትም ሰብሳቢ ነው። አንድ ማለዳ ወደ ቢቸና በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንድ መጋረጃ በፌስታል ይዞ ሲቀመጥ፣ ለሃይማኖቱ ትልቅ ሥራ የሠራ መስሎት ነበር።

አጠገቡ የተቀመጡት ጋሽ ሣህለ ማርያም በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ የተማሩ፣ ኋላም ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከፌስታሉ ብቅ ያለውን ጥልፍ አይተው፣

«እንዲህ ያለ ሥራ የት ሊሰቀል ነው?» አሉት።

«አይሰቀልም ጋሼ። እትዬ ጥሩአየሁ የሚባሉ ቢቸና ያገቡ የሞጣ ተወላጅ፣ ልጃቸው ከሕመም ስለዳነችላቸው በስለት ያስገቡት ነው። ልመልስላቸው ነው። ኮከቡን ይዩት፣ ባለ አምስት ጫፍ! የሰይጣን ምልክት ነው። ባለፈው እሁድ ጉባኤ ፊት ነግሬያቸው መጋረጃውን ትተው አልቅሰው ሄዱ።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«በስልኬ ቪዲዮ አየሁ።»

ሽማግሌው ደማቸው ፈላ።

«ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለዚህ ነው? ቪዲዮው ላይ የኮከቡ ነጠላ ጫፍ ወዴት ነበር?»

«ወደ ታች።»

«የሴትዮዋስ?»

«ወደ... ላይ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ይህን ምልክት ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት በኋላ ባቢሎን በተባለው አገር ሸክላ ላይ ይሥሉት ነበር። ግሪክ አገር የፓይታጎረስ ደቀ መዛሙርት የጤንነት ምልክት አድርገውታል። የአውሮፓ ክርስቲያኖች የጌታን አምስት ቁስሎች አስበውበታል። ሞሮኮዎች በባንዲራቸው፣ ባሃኢ የተባሉ አማኞችም የእምነታቸው ምልክት አድርገው ይዘውታል። ዘቅዝቆ ለሰይጣን የሰጠው ፈረንሳይ አገር የአስማት መጽሐፍ የሚጽፍ አንድ ሰው ነው፤ ይህን ካደረገም ገና ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም!»

እዮብ በቀላሉ የሚረታ አልነበረም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ አረማውያን ከጀመሩት የአረማውያን ነዋ!»

«ፊደልስ? ድሮ ትግራይ ውስጥ የሐ በምትባለው ከተማ ድንጋይ ላይ ለጣዖት ሲቀረጽበት አልነበረም? ዛሬ ወንጌል ታነብበታለህ። የተዘቀዘቀ ሁሉ የሰይጣን ከሆነ፣ ቁልቁል የተሰቀለውን ጴጥሮስን ምን ልታደርገው ነው? ለመሆኑ፣ ለምን አምስት አደረጉት ብለህ ሴትዮዋን ጠየቅሃቸው?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም! ይህ ንቀት እንጂ የሃይማኖት ቅናት አይደለም።»

ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉት ወረዱ። ቢቆጡ ይፈረድባቸዋል? እዮብ የቀረውን መንገድ በሐፍረት ተቃጥሎ ጨረሰው።

ቢቸና እንደ ደረሰ እትዬ ጥሩአየሁን ደጃቸው ላይ አገኛቸው። አንገቱን ደፍቶ፣

«እትዬ፣ ኮከቡን ለምን ባለ አምስት ጫፍ አደረጉት?» አላቸው።

«ለአምስቱ ቅንዋተ መስቀል ነዋ! ጌታዬ ለተቸነከረባቸው አምስት ችንካሮች። ዓመት ሙሉ ስሙን እየጠራሁ ነው የጠለፍኩት። ምነው ያኔ ብትጠይቀኝ ልጄ?»

እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዙት።

«ተው፣ እዚህ ማን ያይሃል? ያዋረድከኝ ጉባኤ ፊት ነው።»

በተከታዩ እሁድ እዮብ ሞጣ ደብሩ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ መልሶ ያመጣውን መጋረጃ በገዛ እጁ ሰቀለ። እዚያው እንደቆመም የሰማውን ሁሉ ለጉባኤው አስረዳ። ከእንግዲህ ባለቤቱ ሳይጠየቅ፣ ሊቃውንትም ሳይመክሩበት የማንም ስለት እንደማይመለስ ተወሰነ። እንዲህ ከሆነ ምእመኑ ሳይሸማቀቅ ስለቱን ያገባል፤ ወጣቱም በወሬ ከመነዳት ድኖ የራሱንም የሌላውንም ታሪክ ይማራል። በመጨረሻ እዮብ ከመሰላሉ ሳይወርድ ወደ እትዬ ጥሩአየሁ ዞሮ፣

«በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው።

እትዬ ጥሩአየሁ ከሕዝቡ መካከል ብድግ አሉ።

«አሁን ይቅር ብዬሃለሁ። በል ውረድ» አሉት።