ሰማይ የሚወጣው ርችት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት አጠገባቸው ያለችውን ሴት ሲያነጋግሯት ሰማሁ።

«ልጄ፣ ይሄ የታቀፍሽው ካርቶን ምንድን ነው?»

«ርችት ነው አባባ። ለልጄ ሰርግ።»

«ወላሂ? እዚሁ እንዳይፈነዳብን!»

«ካልተለኮሰ ምንም አይልም። ይሄ ቀጭኑ በእጅ ተይዞ ብልጭ ብልጭ የሚለው ነው። ይሄኛው መሬት ላይ ተቀምጦ እሳቱን እንደ ምንጭ ያፈልቀዋል። ትልቁ ግን ሰማይ ወጥቶ ነው የሚፈነዳው።»

«ሙሽራዋ ድምፁን አትፈራም?»

«ኧረ ስትፈራ ነው የኖረችው! ከጦርነቱ ወዲህ በር ሲላተም እንኳ አልጋ ስር ትገባ ነበር። ለዚህ ብዬ ባለፈው ድምፅ የሌለውን ብቻ ገዛሁላት።»

«ታዲያ ትልቁን ምን አመጣው?»

«ባለሱቁ አንድ መርቆልኝ ደብቄው ነበር፤ አገኘችው። ትናንት ከመግሪብ በኋላ ግቢ አወጣችና በገዛ እጇ ለኮሰችው።»

«ያ ረቢ! ከዚያስ?»

«ሲፈነዳ እኔ ጆሮዬን ይዤ ቁጢጥ አልኩ። እሷ ግን እንደቆመች ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እየሳቀች ‹እማዬ፣ ለሰርጌ ይሄንን ነው የምፈልገው፤ ኮምቦልቻ በሙሉ ይስማኝ› አለችኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! ፍርሃቱን አሸነፈችው በይኛ!»

«አሸነፈችው አባባ! ይኸው ዛሬ ደሴ ተመልሼ ከትንንሾቹ ጋር አምስት ትልልቅ ጨመርኩላት።»

«አላህ ትዳሯን ያሳምርላት። እኔም ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ሐርቡ ቤቴ ሆኜ ጆሮዬን እጥላለሁ።»

ከመኪናው ከወረድኩ በኋላ፣ የሰርጉን ቀን ሳልጠይቃት መቅረቴ ቆጨኝ።