ስማቸው ያልሰፈረበት የዶክተር ይታይሽ አወቀ ደብተር

ከእስቴም ከስማዳም ጭቃውን ረግጣችሁ ለቀብር የደረሳችሁ ወገኖች፣ የዶክተር ይታይሽ አወቀን የሕይወት ታሪክ ስናነብ በትዕግሥት አድምጡን፤ ቃላችን ውስጥ ንዴት ቢገኝም አትፍረዱብን።

ዶክተር ይታይሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ አወቀ ደምሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ማርያም ጓዴ በ1980 ዓ.ም. በታች ጋይንት፣ በቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው የድጓ መምህር ነበሩና በዚያ ቤት ደቀ መዝሙር የጻፈውን መምህሩ አይቶ ሳያርምለት ስሙን አይጽፍበትም ነበር። ዶክተር ይታይሽ ይህን ሥርዓት የለመዱት ፊደል ሳይለዩ ነው፤ ኋላም የጎዳቸው ይኸው ነው።

በአርብ ገበያ ከተማ ተምረው፣ በፊዚክስ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ዘልቀው፣ ከመምህር ፍሥሐ አንዳርጌ ጋር በተክሊል ተጋብተው ቃልኪዳንንና ርብቃን ወለዱ። በ2012 ዓ.ም. ገና ጡት የጣለችውን ርብቃን ለባለቤታቸው ትተው ለምርምር ባሕር ማዶ ተሻገሩ።

እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ብክነት የሚያሳልፉ፣ ከኒኬል የሚሠሩ ቁሶች አሉ፤ በውስጣቸውም ኤሌክትሮኖች እንደ ጥማድ በሬ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። ጥምረቱ በየአቅጣጫው እኩል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሊቃውንቱን ሲያሟግት፣ ዶክተር ይታይሽ አራት ዓመት ሙሉ ሲለኩ ቆይተው፣ በያዙት ናሙና ጥምረቱ በአንዳንድ አቅጣጫ ጠንክሮ በአንዳንዱ ፈጽሞ እንደሚጠፋ አገኙ። ደብተሩንም እንደ አባታቸው ቤት ሥርዓት ስማቸውን ሳይጽፉበት፣ ይታረምልኝ ብለው ለምርምሩ ኃላፊ ሰጡ። ሰውየው አንዲት ፊደል ሳያርም በራሱ ስም አሳተመው፤ የእሳቸው ስም የተገኘው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ዕቃ ላቀበሉ ሰዎች ምስጋና በቀረበበት መስመር ላይ ነው። አቤት ቢሉም፣ ደብተሩ ላይ ስምሽ የታለ ተባሉ። ይህ ዓይን ያወጣ ዝርፊያ ነው፤ በለቅሶ ላይ ባይነሣ ይሻል ነበር የሚል ካለ፣ ይበል።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲያስተምሩ የጉበት ሕመም ጣላቸው። ጠያቂው ሁሉ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያለ ቢያጽናናቸውም፣ ለእሳቸው ሳይነጋ መሸባቸው፤ ከትናንት በስቲያ በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ዐረፉ። ትናንት ደግሞ ከዚያው የምርምር ኃላፊ፣ ትጉህ ረዳቴ የሚል የሐዘን መግለጫ በስልክ ደረሰን። ይነበብ የሚሉ ነበሩ፤ መሪጌታ አይሆንም ስላሉ አልተነበበም።

ዶክተር ይታይሽ አባትና እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የአሥር ዓመቷን ቃልኪዳንንና የሰባት ዓመቷን ርብቃን ትተውልናል። እነዚህ ልጆች ነገ አድገው እናታችን ምን ሠርታ ነበር ብለው ቢጠይቁ፣ ዛሬ እዚህ የቆማችሁ ሁሉ ምስክር ናችሁ። የአንዱን ድካም ለሌላው የማይሰጥ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።