አባቴ ያመሰገኗቸው ሰዎች

አባቴ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ነበሩ። ጭንቅላታቸውን ከታመሙ ወዲህ ግን የቃል ትርጉም ይጠፋባቸው ጀመር፤ መቀሳቸውን ይዘው «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ሰው ሲቆጣቸውም አይገባቸውም። በደርግ ጊዜ ነው፣ አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ሊቀመንበሩን «ልጄ፣ አብዮት ማለት ምንድን ነው?» አሉት። ዓይኑን ሲያጉረጠርጥባቸው ፈገግ አሉለት።

«ታፌዝብኛለህ፣ አንተ ሽማግሌ!» ብሎ በጥፊ መታቸው። ደሜ ፈላ። «የታመሙ ሰው ናቸው፣ አንተ ባለጌ!» ብዬ ኮሌታውን ጨምድጄ ያዝኩት። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች እጄን ጠምዝዘው ሲያወጡኝ፣ አባቴ ጎንበስ ብለው «ልጄን ስለሸኛችሁልኝ እግዜር ይስጣችሁ» አሏቸው። ወር ሙሉ ታስሬ ሲያንገበግበኝ የከረመው ያ ምስጋና ነው።