ከየት መጣ የማይባል ዘይት

አቶ ረታ ዓምደሚካኤል ሠላሳ አንድ ዓመት በቦሌ የጭነት ጉምሩክ ፈታሽ ሆነው ሠርተው ጡረታ ቢወጡም፣ ጥርጣሬያቸው ግን ጡረታ አልወጣም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ከአቡነ ዘበሰማያት እኩል ይደግሟታል እየተባለ ይታማሉ። በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የዕድር ሊቀመንበር ያደረጋቸውም ይኸው ጠባያቸው ነው፤ ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰው ከነጋዴ ኮሚሽን በላ ተብሎ ወርዷልና። «የረታ እጅ ንጹሕ ነው» ሲባል ሲሰሙ እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል። ይህን ስማቸውን የሚያጎድፍ ነገር ከሚመጣባቸው ሞታቸውን ይመርጣሉ።

በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ ከሱቅ ሲመለሱ ግቢው በር ላይ ቆመው፣ የብስኩት ማሸጊያ ከዓይናቸው አርቀው ለማንበብ ይታገሉ ነበር። ወተትና ቅቤ እንዳይኖርበት ማጣራታቸው ነው። በዚህ መሀል ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ቤቴል ደረሰች። የጴንጤ ልጅ ናት፤ የምግብ ሳይንስ ተምራ ቦሌ አካባቢ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች።

«ላንብብልዎት ጋሽ ረታ?» አለች ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጥታ።

«አንብቢ እስቲ። ወተት የሚል ካለ እንዳትደብቂኝ።»

«ወተት የለውም። ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ ጨው…»

«ተመስገን! የአትክልት ከሆነ የጾም ነው።»

«የጾምስ ነው። ግን የምን አትክልት እንደሆነ አልጻፉም። ብዙ ጊዜ ከፓልም ዛፍ የሚጨመቅ ነው። በሳሙናውም፣ በሻምፖውም፣ ዕድሩ በጀሪካን በሚገዛው ዘይትም ያለው እሱ ነው።»

«ዕድሩ» የሚለውን ሲሰሙ የአቶ ረታ ጆሮ ቆመ። የዓመቱ የዘይት ግዢ የሚጸድቀው በማግስቱ እሑድ ነው። ይህች ልጅ በግዢው ምን አገባት?

«ዘይት መጭመቂያ ያለው ዘመድ አለሽ?» አሏት።

«የለኝም።»

«እጮኛሽስ?»

«እጮኛም የለኝ። ካገኙልኝ ግን አልጠላም።»

አቶ ረታ አልሳቁም። «ታዲያ ጾማችንን ልትነቅፊ ነው?»

«ኧረ በጌታ! በጾምዎ ምን አገባኝ? እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ዛፉ ራሱ ምንም አላጠፋም። እንዲያውም ከትንሽ መሬት ብዙ ዘይት ይሰጣል፤ በአግባቡ የሚያለሙትም አሉ። ግን እሱን ለመትከል ደን የሚያቃጥሉ፣ ነዋሪውን ከቀዬው የሚያፈናቅሉም አሉ። ‹የአትክልት ዘይት› ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ በእጃችን ያለው የየትኞቹ እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

«የሩቅ አገር ደን ለአራብሳ ምኗ ነው? ድሀው ሽሮው ላይ ጠብ የሚያደርገው ዘይት አጥቶ፣ አንቺ ስለ ጫካ ትነግሪኛለሽ!»

ይህ ንግግራቸው እውነትነት ነበረው። ቤቴልም አልካደችውም።

«ድሀው አይግዛ አላልኩም፤ የሚገዛውን ይወቅ ነው ያልኩት። እስቲ ልጠይቅዎት። ጉምሩክ ሳሉ አንድ ነጋዴ ሳጥን ሙሉ ጭኖ፣ ወረቀቱ ላይ ‹ልዩ ልዩ ዕቃ› ብሎ ቢመጣ ያሳልፉት ነበር?»

«እኔ? ሚስማሩን ነው የማስነቅለው! ልዩ ልዩ ዕቃ የሚል ሰው የሚደብቀው አለው።»

ይህን እንዳሉ ዓይናቸው ብስኩቱ ላይ ወደቀ። ስንት ዓመት ሙሉ «የአትክልት ዘይት» የምትለዋን ቃል እያዩ፣ ተመስገን ብለው ሲያሳልፉ ኖረዋል። አፈሩ። ቢሆንም መረታት አይሆንላቸውምና ቀጠሉ።

«ይሁን። ከቀዬው የተነሣውም ካሳውን ተቀብሎ ይሆናል። ልማት ነው፤ ሰው ሁሉን ይለምዳል።»

በሩ አጠገብ የተቀመጡት የግቢው ዘበኛ አቶ ኦላና ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«አይለመድም አቶ ረታ» አሉ። «ይሄ የእርስዎ ብሎክ የቆመበት የኔ የጤፍ ማሳ ነበር። ካሳም ተቀብያለሁ። ግን ጠዋት ስነሣ እግሬ አሁንም ወደ ማሳ ነው የሚሄደው። ዘበኛ መሆኔ ትዝ የሚለኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው።»

ወደ ግቢው የሚገባውን እንግዳ ሁሉ ከየት መጣህ እያሉ የሚያፋጥጡት አቶ ረታ፣ ስምንት ዓመት በር የከፈቱላቸውን አቶ ኦላናን ግን አንድም ቀን ጠይቀዋቸው አያውቁም። ልባቸው በኀዘን ተነካ።

«ይቅር ይበሉኝ አቶ ኦላና» አሉ። ከዚያ ወደ ቤቴል ዞረው፣ «ታዲያ ምን እናድርግ ትያለሽ?»

«ነጋዴውን ከየት እንዳመጣው ይጠይቁት። ማስረጃ ካለው ከእሱ ይግዙ። ከሌለውም የኛው ኑግና ሱፍ አለ፤ ከማን ማሳ እንደመጣ ሄዶ ማየት ይቻላል። ዋጋው ይወደዳል፤ እሱን መጠኑን በመቀነስ ማካካስ ነው። የዕድራችን ወጥ እንደሆነ ዘይት ተንሳፍፎበት ነው የሚቀርበው።»

«ከማን ልግዛ?» አሉ የመጨረሻ ወጥመዳቸውን ዘርግተው።

«እሱን አልነግርዎትም። ከነገርኩዎት ይጠረጥሩኛል።»

ያን ጊዜ አቶ ረታ ሳቁ።

በማግስቱ ነገሩን ለዕድርተኛው ሲያስረዱ፣ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ገንዘቤ ብድግ አሉ። «ዘይት ለመቀየር እንዲህ የተጣደፉት ስንት ቢሰጥዎት ነው?»

አቶ ረታ ሐሳባቸውን ቢተዉ ስማቸው ይተርፋል፤ ቢገፉበት የቀድሞው ሊቀመንበር ዕጣ ይጠብቃቸዋል። ምላሳቸው «ይቅር፣ የድሮው ይገዛ» ሊል ምንም አልቀረው።

«መጠየቅዎ ደግ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ልጅቷን ያልኳት ይህንኑ ነው። ግዢው ከእጄ ይውጣ፤ እርስዎ ይግዙ። ሊቀመንበርነቱንም ከፈለጋችሁ ውሰዱት። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ሻጩን ‹ይህ ዘይት ከየት መጣ? ማንን አስነሥቶ ነው የበቀለው?› በሉት።»

ወይዘሮ ገንዘቤ ሊያጋልጧቸው ቆርጠው ገበያ ወጡ። ሁለት ነጋዴዎች ሳቁባቸው፤ አንዱ ተቆጣቸው። አራተኛው መጭመቂያው ድረስ ወስዶ ኑጉንና ያመጡትን ገበሬዎች አሳያቸው። የአቶ ረታን ስም የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አላገኙም።

ዛሬ ዕድሩ በጀሪካን ቁጥር ያነሰ፣ ምንጩ የሚታወቅ ዘይት ይገዛል። ከለቅሶ ቤት ቃር ይዞት የሚመለሰው ቀንሷል፤ ኑጉን የሚዘራው ገበሬ ገበያ አግኝቷል፤ ሲስቁ የነበሩት ነጋዴዎችም ጥያቄው ሲበዛባቸው የጭነቱን ወረቀት ማገላበጥ ጀምረዋል። መጠርጠር ኃጢአት አይደለም፤ ጥፋቱ ሰውን ጠርጥሮ ዕቃውን ዝም ብሎ ማመን ነው። በቅርቡ አንድ አዲስ ዕድርተኛ ወይዘሮ ገንዘቤን፣ «ከዚህ ዘይት ስንት ይደርስዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ ነጠላቸውን አጣፉና፣ «ና እንሂድ፤ ሻጩን አንተው ጠይቀው» አሉት።