ማተቤን አላወልቅም ያልኩት እኔ ነኝ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አያልነሽ ታመነ
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት
አድራሻ፦ መቐለ ከተማ፣ እንዳ ኢየሱስ አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሰኞ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በወ/ሪት ኣርሴማ ሃይለ ላይ የቀረበ የአካል ጉዳት ክስ
ቃል ተቀባይ መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ሔሩይ ኣክሊሉ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር ዛሬ ወደ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን በራሴ እግር ነው። ተጎዳች የተባልኩት እኔ ነኝ። ክሱን ያቀረበው ግን ልጄ ሃፍታይ ኣንዶም ነው፤ እሱም በሰዓቱ በቦታው አልነበረም። ስለዚህ የሆነው ነገር ከእኔ አፍ ተሰምቶ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሓወልቲ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ስፓ ሄድኩ። ሃፍታይ ለጡረታዬ ስጦታ ብሎ የሙቅ ድንጋይ ማሳጅ አስይዞልኝ ነበር። ዕድሜዬን ቆሜ ሳስተምር ስለኖርኩ ወገቤን ያመኛል። «ኣደይ፣ አንድ ቀን እንኳ አንቺ ተኝተሽ ሌላ ሰው ይድከምልሽ» ብሎ በር ድረስ አድርሶኝ ሄደ። የተቀበለችኝ እዚያ የምትሠራው ኣርሴማ ናት። ድንጋዮቹ ጥቁርና ለስላሳ፣ መዳፍ የሚሞሉ ናቸው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆይተው ጀርባ ላይ ይደረደራሉ። እያንዳንዱን ድንጋይ አስቀድማ በራሷ ክንድ ላይ ስትሞክር በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመተኛቴ በፊት ማተቤን እንዳወልቅ ጠየቀችኝ። ማተቤ ላይ የብር መስቀል አለ። «ኣደይ፣ ብረት ሙቀት ቶሎ ይወስዳል፤ አውልቀው በእጅዎ ይያዙት» አለችኝ። ከክርስትናዬ ጀምሮ አንገቴ ያለ ማተብ ውሎ አያውቅም፣ ለመዝናናት ብዬ አላወልቅም አልኳት፤ ቆጣ ብዬም ነው ያልኳት። አልተከራከረችኝም። መስቀሉን ወደ ደረቴ አዙራ በሆዴ አስተኛችኝና ጀርባዬን በስስ ጨርቅ ሸፈነች። ድንጋዮቹን ልታወጣ ዞር ስትል መስቀሉ ደረቴን ስለቆረቆረኝ ክሩን ስቤ ወደ ጀርባዬ መለስኩት። አልነገርኳትም። ከጨርቁ ሥር ስለነበረ ልታየው አትችልም፤ ድንጋዩን በላዩ አስቀመጠች።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ወገቤ ሲፍታታ ተሰማኝ፤ እንቅልፍም ሸለብ አደረገኝ። ቆይቶ ትከሻዬ መካከል ያቃጥለኝ ጀመር። ኣርሴማ ሁለት ጊዜ «ኣደይ፣ ሙቀቱ በዛብዎት?» ብላ ጠይቃኛለች። ሁለቱንም ጊዜ ደህና ነው አልኳት። እያቃጠለኝ ለምን ደህና ነው እንዳልኩ በመርማሪው ተጠይቄ የመለስኩት፦ በብርድ ጠዋት ጸበል ሲወርድብኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የምችለው፤ ይሄም ለጤና ነው ሲሉኝ የሚቻል መሰለኝ። መርማሪው ሳቅ ብሏል። አያስቅም፤ ልጅቷ የታሰረችው በዚህ ነው።

ጨርቁን ስታነሳ ጮኸች። የመስቀሉ ቅርጽ ቆዳዬ ላይ ቀይ ሆኖ ወጥቶ ነበር። እያለቀሰች ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችልኝ፤ በባጃጅ ጤና ጣቢያ የወሰደችኝም፣ ቁስሉ እስኪታሸግ ከአጠገቤ ያልተለየችውም እሷ ናት።

በማግስቱ እሁድ ጎረቤቴ ኣብርሀት ልትጠይቀኝ መጥታ ቁስሉን ተአምር ነው ብላ ልትሳለመው ስትል ከለከልኳት። ሃፍታይ ደግሞ ኣርሴማ ሆን ብላ በመስቀል ተኮሰችሽ ብሎ ጣቢያ ሄደ። ተአምርም ተንኮልም አይደለም፤ የኔ ግትርነት ነው። ልጄን አውቀዋለሁ። የንዴቱ ምክንያት እዚያ ቤት ያደረሰኝ እሱ ራሱ መሆኑ ነው። በንዴቱ ግን የሰው ልጅ አሳስሯል። የስፓው ባለቤትም ከሥራ እንዳስወጣት ሰምቻለሁ። ይህ በጣም አሳዝኖኛል፤ አስቆጥቶኛልም።

መርማሪው በመጀመሪያ «አቃጠለችኝ» ብሎ ጽፎ ነበር። እንዲህ አላልኩም ብዬ አሰርዤዋለሁ፤ ከስርዙ ጎን ሁለታችንም ፈርመናል። ሃፍታይ ዛሬ ጣቢያው በር ላይ «እናቴን ተኩሳብኝ ዝም ልበል?» ብሎኛል። ክሱን ካላነሳህ ፍርድ ቤት የምቆመው ከኣርሴማ ጎን ነው፣ አንተ ልጄ ብትሆንም አልኩት። አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

ቃሌን መርማሪው አንብቦልኛል፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አንብቤዋለሁ። አንዲት ሐሰት የለበትም። በየትኛውም ችሎት ቀርቤ እደግመዋለሁ ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አያልነሽ ታመነ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሔሩይ ኣክሊሉ

የመርማሪ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከፈረሙ በኋላ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ቢነገራቸውም ተጠርጣሪዋ ሳትወጣ አልሄድም ብለው በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቁስላቸው መደገፍ ስለማያስችላቸው ቀጥ ብለው ነው የተቀመጡት። ከሳሽ አቶ ሃፍታይ ኣንዶም ከጎናቸው ሆኖ ክሱን ለማንሳት ማመልከቻ እየጻፈ ነው። የሚያጽፉት ምስክሯ ናቸው።